የ5 ሳንቲም ወረቀት

እንደምን አመሻችሁ? አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ የቅዳሜ ምሽታችሁን ሰውታችሁ ስለ አሮጌ ወረቀት ልትሰሙ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ነገሩ የእነሱ ነውና በእነሱው ዘመን ልንገራችሁ።

ይህን በእጄ የያዝኩትን ካርድ ከኋላ ያላችሁ በደንብ ላታዩት ትችላላችሁ። ስፋቱ 6.7 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ቁመቱ 9.5 ነው፤ ከመዳፌ አያልፍም። ቶፕስ የሚባል የብሩክሊን ማስቲካ አምራች በ1952 ያሳተመው የቤዝቦል ተጫዋች ካርድ ነው። ተጫዋቹ ዝነኛ አልነበረም፤ ስሙን ብጠራላችሁ የቤዝቦል ወዳጆች እንኳ አታስታውሱትም። የካርዱ ጠርዞች ተበልተዋል። አናቱ ላይ የመርፌ ቀዳዳ አለ፤ አንድ ልጅ ግድግዳ ላይ ሰክቶት ነበር ማለት ነው። እኔ ከሁሉ የምወደው ግን ጀርባውን ነው። ተጫዋቹ ወደ ሌላ ቡድን ሲዛወር ልጁ የድሮውን ቡድን ስም በእርሳስ ሰርዞ አዲሱን ከጎኑ ጽፎለታል። ፊደሎቹ ትልልቅና ዘመም ያሉ ናቸው፤ የዘጠኝ ወይም የአሥር ዓመት ልጅ እጅ ይመስላሉ። ሜሪላንድ ውስጥ የሟች ቤት ዕቃ ሲሸጥ፣ ከአንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ አግኝቼ በ2 ዶላር ገዛሁት። ዕቃውን የምትሸጠው ሴትዮ «እሱንማ ልጥለው ነበር» አለችኝ።

ነጋዴ ቢያየው የእርሳሱን ጽሑፍ እንደ ጉዳት ቆጥሮ ዋጋውን ይጥለዋል። ለእኔ ግን ካርዱ የሚናገረው በዚያ እርሳስ ነው። ዛሬ ማታ ስለ ገንዘብ ብዙ ቁጥር እጠራለሁ፤ መጥራቴ አይቀርም፤ ስለ እነዚህ ወረቀቶች በሚወራበት ሁሉ ገንዘቡ ይቀድማልና። ነገር ግን ገንዘቡ የመጣው በኋላ ነው። ወረቀቱን ለዛሬ ያደረሱልን ዋጋ ሳይኖረው የወደዱት ሰዎች ናቸው፤ የመጣሁትም ስለ እነሱ ልናገር ነው።

እስቲ ከ1951 መኸር እንጀምር። ቶፕስን በ1938 ያቋቋሙት የሾሪን ቤተሰብ ወንድማማቾች ናቸው። ቤተሰቡ ቀድሞ የትምባሆ ቅጠል ነጋዴ ነበር፤ ትምባሆው ሲቀዘቅዝ ወደ ማስቲካ ዞሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባዙካ የሚባለውን ማስቲካ አወጡ፤ ማስቲካው ተሸጠ፤ ግን የፊላዴልፊያው ተፎካካሪያቸው ቦውማን ከማስቲካው ጋር የቤዝቦል ካርድ እየሰጠ ገበያውን ይዞት ነበር። ሳይ በርገር የሚባል የቶፕስ ወጣት ሠራተኛ፣ ውዲ ጌልማን ከሚባለው ባልደረባው ጋር በብሩክሊን ቤቱ የኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አዲስ ካርድ መንደፍ ጀመረ። መቀሱም ካርቶኑም እዚያው ነበር። የቦውማን ካርድ ትንሽ ነበር፤ የእነሱን አተለቁት። ከፊት ለፊት ባለ ቀለም ምስል፣ የቡድኑ አርማና የተጫዋቹ ፊርማ ገባ። ከጀርባው ደግሞ የተጫዋቹ ቁመት፣ ክብደት፣ የትውልድ ቀን፣ አጭር ታሪክና ዋናው ነገር፣ ያለፈው ዓመትና የዕድሜ ልክ ውጤቱ በቁጥር ተደረደረ።

ይህ ሰንጠረዥ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በ1952 ብዙው ሰው ጨዋታን የሚከታተለው በሬድዮ ነበር፤ ቴሌቪዥን ገና በየቤቱ መግባት መጀመሩ ነው። አንድ የኦሃዮ ወይም የጆርጂያ ልጅ የኒው ዮርክ ተጫዋች ፊት ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ከጋዜጣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነበር። አሁን ግን ባለ ቀለም ፊት ከነፊርማው፣ ከነቁጥሩ፣ ከማስቲካ ጋር በ5 ሳንቲም ኪሱ ገባ። ስንቱ ልጅ መደመርና ማካፈልን ከካርድ ጀርባ እንደተማረ ያደጉት ሰዎች ራሳቸው ይናገራሉ። እኛ ቆርኪ ሰብስበን፣ ቆጥረን፣ ተጫውተን፣ ተበላልተን እንዳደግነው ማለት ነው። እነሱም ካርዱን ግድግዳ ላይ እየወረወሩ ይቋመሩበት ነበር። ከብስክሌት ጎማ ሽቦዎች አጠገብ በልብስ መቆንጠጫ ያስሩትና ሲነዱ እንደ ሞተር ሳይክል ይንጣጣላቸዋል። ዛሬ ቤት የሚገዛ ካርድ በዚያ ጎማ ውስጥ ተበልቶ አልቋል።

የዚያ ዓመት ካርዶች በጠቅላላ 407 ናቸው። ቁጥር 1 የተሰጠው አንዲ ፓፍኮ ለሚባል የብሩክሊን ዶጀርስ ተጫዋች ነበር። ጥሩ ተጫዋች ነበር፤ ከታላላቆቹ ግን አይቆጠርም። ሆኖም የእሱን ካርድ ንጹሕ ሆኖ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው። ምክንያቱን የነገረኝ አንድ ሽማግሌ ሰብሳቢ ሲሆን፣ የጨርቅ ሱቅ የነበረው ሰው በመሆኑ ጣቶቹን እየጠቀለለ አሳየኝ። ልጆቹ ካርዶቹን በቁጥር ይደረድሩና በላስቲክ ያስሯቸዋል። ስለዚህ ቁጥር 1 ሁልጊዜ ከላይ ነው፤ ላስቲኩ የሚቆርጠው እሱን፣ ኪስ ውስጥ የሚፋቀው እሱ፣ ላብና ጭቃ የሚነካው እሱ ነው። ምስኪን ፓፍኮ የሌሎቹን ጉዳት ተሸክሞ ኖረ። ከታች በኩል ደግሞ 407ኛው ኤዲ ማቲውስ ነበር፤ እሱም እንዲሁ።

አሁን ሁላችሁም የምትጠብቁት ቁጥር 311 ላይ ደርሰናል፤ ሚኪ ማንትል። ከኦክላሆማ የማዕድን መንደር የመጣ የ20 ዓመት ወጣት ነበር። ታላቁ ጆ ዲማጂዮ በ1951 መጨረሻ ጨዋታ ሲያቆም የኒው ዮርክ ያንኪስን የመሀል ሜዳ ቦታ የወረሰው እሱ ነው። ካርዱ ሲወጣ ዓመቱ ወደ መገባደዱ ነበር፤ ቶፕስ ካርዶቹን በስድስት ዙር ያወጣቸው ስለነበር ከ311 እስከ 407 ያሉት የመጨረሻው ዙር ናቸው። ትምህርት ተከፍቷል፤ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጀምሯል፤ የልጆቹ ልብ ወዲያ ሄዷል። ባለ ሱቆቹም አዲሱን ዙር አንፈልግም አሉ። ስለዚህ ካርዶቹ ሳይሸጡ መጋዘን ቀሩ።

ቀሪውን ሳይ በርገር ራሱ እስከ እርጅናው ድረስ ደጋግሞ አውርቶታል። ካርዶቹን በየመዝናኛ ትርኢቱ ርካሽ አድርጎ ሊሸጥ ሞከረ፤ የሚገዛ ጠፋ። በ1960 ገደማ መጋዘኑ ጠበበና ከ300 እስከ 500 የሚሆኑ ካርቶኖች በቆሻሻ ማጓጓዣ ጀልባ አስጭኖ፣ ከኒው ጀርሲ ዳርቻ ወዲያ ወስዶ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ አስጣላቸው። በሙያው ውስጥ ታሪኩን የሚጠራጠሩ አሉ። እኔ አምነዋለሁ፤ በርገር ያን ጊዜ የጣለው ዕቃ ቆሻሻ ነበርና። ማንም ሰው ቆሻሻ ሲጥል ለታሪክ ጸሐፊ ደረሰኝ አይቆርጥም።

በነሐሴ 2022 ከእነዚያ የማንትል ካርዶች ንጽሕናው በጣም የተጠበቀ አንዱ በጨረታ 12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ባለቤቱ በ1991 ሲገዛው 50,000 ዶላር ነበር የከፈለው፤ ያን ጊዜም «አበደ» የሚሉት አልጠፉም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ካርዱ ብርቅ ስለሆነ የተወደደ ይመስለናል። ነገር ግን የመጨረሻው ዙር 97 ካርዶች ሲሆኑ የማተሚያው ገበታ የሚይዘው 100 ነበር። ሦስት ቦታ ተረፈ። በተረፈው ቦታ የማንትል፣ የጃኪ ሮቢንሰንና የቦቢ ቶምሰን ካርዶች ድጋሚ ገቡ። ስለዚህ የማንትል ካርድ ከዚያው ዙር ካሉት ከሌሎቹ 94 ሰዎች ካርድ እጥፍ ታትሟል! ካርዱን ውድ ያደረገው ቁጥሩ ማነሱ ሳይሆን በ1950ዎቹ ልጅ የነበሩት ሰዎች አድገው፣ ገንዘብ ይዘው፣ እናታቸው የጣለችባቸውን ነገር ፍለጋ መመለሳቸው ነው።

የሮቢንሰንን ስም ካነሳሁ ዝም ብዬ አላልፈውም። ቁጥሩ 312 ነው፤ ከማንትል ቀጥሎ። ጃኪ ሮቢንሰን ሚያዝያ 15 ቀን 1947 በብሩክሊን ኤቤትስ ፊልድ ሜዳ ሲገባ በዘመናዊው የታላቁ ሊግ ታሪክ የቀለም አጥር የሰበረ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። ካርዱ ላይ ከደማቅ ቀይ ጀርባ ፊት ለፊት ፈገግ ብሎ ይታያል። በዚያው ስብስብ ውስጥ ሌሎች ጥቁር ተጫዋቾችም አሉ፤ ዊሊ ሜይስ አለ፤ ሮይ ካምፓኔላ አለ። እስቲ ዘመኑን አስቡት። በርሚንግሃም፣ አላባማ በ1950 ባወጣችው የከተማ ደንብ ጥቁርና ነጭ አብረው ዳማ እንዳይጫወቱ፣ ካርታ እንዳይጫወቱ፣ ቤዝቦልም እንዳይጫወቱ ከልክላለች። በደቡብ ክፍለ ሀገራት ማስቲካውና ካርዱ በሚሸጥበት መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ጥቁር ሰው ተቀምጦ ለስላሳ መጠጣት አይችልም ነበር። ግን ከዚያው ባንኮኒ የገዛውን እሽግ ፈትቶ ሮቢንሰንን ያገኘ ነጭ ልጅ፣ የሮቢንሰንን ፊትና ቁጥር ሸምድዶ፣ በላስቲክ አስሮ፣ ኪሱ ከቶ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ካርዱ ሕግ ቀየረ አልልም። ሕጉን የቀየሩት የታገሉትና የተደበደቡት ሰዎች ናቸው። ግን ያ ልጅ የሚመኘው ሰው ጥቁር ነበር፤ በእነዚያ ዓመታት ያን ፊት በኪስ ይዞ መሄድ ትንሽ ነገር አልነበረም።

የክብሩ ነገር ከተነሳ የክፍያውም ነገር ይነሳ። ተጫዋቾቹ ለፊታቸው የሚያገኙት ሳንቲም ነበር ቢባል ይቀላል፤ ለዓመት 125 ዶላር ወይም ከካታሎግ የሚመረጥ ዕቃ። ቦውማንና ቶፕስ ግን ተጫዋቾቹን በመሻማት ፍርድ ቤት ተካሰሱ፤ በ1953 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ችሎት ዳኛ ጀሮም ፍራንክ በጻፉት ፍርድ ሰው በገዛ ምስሉ ዝና ላይ መብት አለው፣ ይህን መብት ለሌላ ማስተላለፍም ይችላል ተባለ። ዛሬ ማንኛውም ዘፋኝ ወይም ሯጭ «ፎቶዬን ያለ ፈቃዴ ለማስታወቂያ ተጠቀማችሁ» ብሎ አሜሪካ ውስጥ ሲከስ የሚጠቅሰው መብት በስም የተጠራው በዚያ የማስቲካ ክርክር ነው። ቶፕስ በ1956 ቦውማንን በ200,000 ዶላር ገዝቶ ገበያውን ብቻውን ያዘው። ማርቪን ሚለር የተጫዋቾቹን ማኅበር በ1966 ከያዘ በኋላ ነው ነገሩ የተስተካከለው። ተጫዋቾቹ ፎቶ አንነሳም ብለው አደሙ፤ በ1968 ክፍያው 250 ዶላር ሆነ፤ ከሽያጩም ድርሻ ተቆረጠላቸው። ያ ገንዘብ ማኅበሩ በእግሩ እንዲቆም ረዳው።

ወደ ኮሚክ ልሻገር። እዚህ ትንሽ ቆየት እላለሁ።

ኮሚክ የምላቸው በርካሽ የጋዜጣ ወረቀት የታተሙ፣ በሁለት ስቴፕል የተያያዙ፣ በ10 ሳንቲም የሚሸጡ የሥዕል ታሪኮችን ነው። በ1938 ጀሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የሚባሉ ሁለት የክሊቭላንድ ወጣቶች ሱፐርማንን በ130 ዶላር ሸጡ፤ ከዚያ ወዲያ ገበያው ጎረፈ። በጦርነቱ ጊዜ ልጆች ኮሚኮቻቸውን ለአገር ወረቀት ማሰባሰቢያ እያዋጡ ብዙው ወደ ካርቶንነት ተቀየረ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ እሳት መጣ። በ1948 በዌስት ቨርጂኒያ ስፔንሰር በምትባል ትንሽ ከተማ ተማሪዎች በመምህራንና በወላጆች ድጋፍ ወደ 2,000 የሚጠጉ ኮሚኮች ከምረው አቃጠሉ። ናዚዎች መጽሐፍ ካቃጠሉ ገና 15 ዓመታቸው ነበር።

ትልቁ ወቅት ግን የ1954 ጸደይ ነው። ያን ጸደይ ወር በወር ብታዩት ይገርማል። ሚያዝያ 21 ቀን የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ኒው ዮርክ ላይ ተቀምጦ ኮሚክ ልጆችን ወንጀለኛ ያደርጋል ወይ ሲል ምስክር መስማት ጀመረ። ግንቦት 17 ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በብራውን ጉዳይ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን መለየት ሕገ ወጥ ነው ሲል ፈረደ። ግንቦት 28 ቀን አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚህ ዋሽንግተን በኮንግረሱ ጉባኤ ፊት ንግግር አደረጉ፤ ሰኔ 1 ቀን ኒው ዮርክ ከየፎቁ የተቀደደ ወረቀት እየበተነች በብሮድዌይ አሳለፈቻቸው። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 4፣ ኮሚቴው የመጨረሻውን የኮሚክ ምስክርነት ሰማ። አንዳንዶቻችሁ ያን ጉብኝት ከአባቶቻችሁ ሰምታችኋል። አባቶቻችን ያዩአት አሜሪካ ይህችው ነበረች፤ ከላይ ወረቀት የምትበትን፣ ከታች ወረቀት የምትከስ።

ዋናው ከሳሽ ዶክተር ፍሬድሪክ ወርታም ነበር። ሰብሳቢዎች ይጠሉታል፤ እኔ ግን ፍትሐዊ ልሁን። በ1946 በሃርለም ክሊኒክ ከፍቶ ሌላ ቦታ የማይቀበሏቸውን ጥቁር ሕሙማን በ25 ሳንቲም ያክም የነበረ የአእምሮ ሐኪም ነው። ትምህርት ቤት መለያየት ልጆችን እንደሚጎዳ ያቀረበው ማስረጃ ከብራውን ጋር ከተዳመሩት ጉዳዮች በአንዱ፣ በዴላዌሩ፣ ጠቅሟል። ስለ ኮሚክ በጻፈው መጽሐፍ ግን እውነትን አላከበረም። ወረቀቶቹ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2010 ለተመራማሪ ሲከፈቱ ካሮል ቲሊ የምትባል የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ማስታወሻዎቹን ከመጽሐፉ ጋር አስተያየችና የልጆቹን ቃል እንደቀየረ፣ እንደቆረጠ፣ የብዙዎችን የአንድ እንዳስመሰለ አገኘች። ጥሩ ሰው ለጥሩ ዓላማ ብሎ ማስረጃ ሲያጣምም ማየት ያሳዝነኛል፤ ከክፉ ሰው ይልቅ እሱ ይታመናልና።

በኮሚቴው ፊት የቀረበው የኢሲ ኮሚክስ ባለቤት ቢል ጌይንስ ነበር። የቴነሲው ሴናተር ኪፎቨር አንድ የኮሚክ ሽፋን ከፍ አድርገው አሳዩት፤ ሰውዬው በአንድ እጁ ደም የነካው መጥረቢያ፣ በሌላው የተቆረጠ የሴት ራስ ይዟል። «ይህ ለዓይን የሚገባ ነገር ነው ትላለህ?» በሚል ስሜት ጠየቁት። ጌይንስ ለአስፈሪ ታሪክ ሽፋን ከሆነ አዎ፣ ያስኬዳል ብሎ መለሰ፤ የተቆረጠው ራስ ከፍ ብሎ ተይዞ ደሙ ሲንጠባጠብ ቢታይ ኖሮ ነበር የሚያስነውረው ሲልም አከለ። በማግስቱ ጋዜጣው ሁሉ ይህንኑ ጻፈ። በዚያው ዓመት አሳታሚዎቹ መንግሥት ሳይገባባቸው ራሳቸው የኮሚክ ደንብ አወጡ። «አስፈሪ» የሚል ቃል በርዕስ ላይ ተከለከለ፤ ደም መጣጭና ከመቃብር የሚነሳ ሙት ተከለከለ፤ ወንጀለኛ ሁልጊዜ መቀጣት አለበት ተባለ። የፈቃድ ማኅተሙ የሌለበትን ኮሚክ አከፋፋይ አይነካውም፤ ብዙ አሳታሚ ተዘጋ፤ ሠዓሊዎችም ሥራ አጡ።

ከዚያ የሆነውን ላጫውታችሁ፤ ይህን ሳወራ ድምፄ ይለወጣል፤ ይቅርታ። ኢሲ በ1953 ያወጣው፣ አል ፌልድስታይን የጻፈውና ጆ ኦርላንዶ የሣለው አጭር ታሪክ አለ። ከምድር የተላከ ጠፈርተኛ በሮቦቶች ብቻ የምትኖር ፕላኔት ለከዋክብት ኅብረት ብቁ መሆኗን ሊመረምር ይወርዳል። ብርቱካንማ ሮቦቶችና ሰማያዊ ሮቦቶች አሉ፤ ውስጣቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ሽፋኑ ብቻ። ሰማያዊዎቹ ግን ጎስቋላ ሰፈር ይኖራሉ፤ አውቶቡስ ላይ ከኋላ ይቀመጣሉ። ጠፈርተኛው «ገና አልደረሳችሁም» ብሎ ይመለሳል። በመጨረሻው ሥዕል መርከቡ ውስጥ ሆኖ የራስ ቁሩን ያወልቃል፤ ጥቁር ሰው ነው። በጥቁር ፊቱ ላይ ያሉት የላብ ጠብታዎች እንደ ሩቅ ከዋክብት ያበራሉ።

በ1956 ጌይንስ ይህንን ታሪክ ድጋሚ ሊያሳትም ሲል የደንቡ ኃላፊ የነበሩት የቀድሞ ዳኛ ጠፈርተኛው ጥቁር መሆን አይችልም አሉ። ታሪኩ እኮ ሌላ ነገር የለውም! ጌይንስና ፌልድስታይን አንቀይርም፣ ለጋዜጠኞች እናወጣዋለን ብለው ስልኩን ዘጉ፤ ታሪኩንም አንዲት ጠብታ ላብ ሳይቀንሱ አሳተሙት። ኢሲ ያሳተመው የመጨረሻ ኮሚክ ያ ሆነ። ከዚያ በኋላ የቀረው ማድ የሚባለው የቀልድ መጽሔቱ ብቻ ነበር፤ እሱ በ1955 ከኮሚክ ወደ ትልቅ መጽሔትነት ተቀይሮ ከደንቡ ውጪ ስለሆነ ተረፈ።

ያን የመጨረሻ ሥዕል አንድ ጊዜ በሽያጭ ቦታ በአጉሊ መነጽር አይቼዋለሁ። ያን ዘመን ቀለም የሚቀላው በማተሚያው ላይ ሳይሆን በዓይናችን ነው፤ ቢጫ፣ ቀይና ሰማያዊ ጥቃቅን ነጠብጣቦች እርስ በርስ ይጠጋጋሉ፤ ጥቁሩ መስመር ይይዛቸዋል። ቀረብ ስትሉ ፊቱ ይጠፋል፣ የሚቀረው ነጠብጣብ ብቻ ነው። ላቡ ግን ቀለም የለውም። ሠዓሊው ባዶ የተወው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ በ70 ዓመት ቢጫ ስለሆነ ላቡም ዛሬ ቢጫ ሆኗል። ርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ውስጥ ያለው የእንጨት ንጥረ ነገር ብርሃንና አየር ሲነካው አሲድ እየፈጠረ ራሱን ይበላል። ማንም ሳይነካው ይሞታል።

ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ያለውን ቶሎ ልለፈው። ጋዜጦች ስለ ማንትል ዋጋ ሲጽፉ አገሩ ሁሉ ሰብሳቢ ሆነ፤ አባቶች ለልጆቻቸው የኮሌጅ ክፍያ ይሆናል ብለው የተዘጉ ሳጥኖች ገዝተው ቤዝመንት ውስጥ አከማቹ፤ አሳታሚዎቹም ያለ ልክ አተሙ። ሁሉም ሰው ስላስቀመጠው ዋጋ የለውም። ከእናንተ መካከል ቤት ስትገዙ እንደዚያ ዓይነት ሳጥን ያገኛችሁ ካላችሁ፣ አዝናለሁ፤ 1989 ወይም 1991 ከሆነ ለልጆቻችሁ ስጧቸው፤ ይጫወቱበት።

አሁን መጀመሪያ ልነግራችሁ ወዳሰብኩት ሰው መጣሁ። ጀፈርሰን በርዲክ ይባላል፤ በ1900 የተወለደ የሰሜን ኒው ዮርክ ሰው። ሲራክዩስ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ በሚሠራ ፋብሪካ ክፍሎች ይገጣጥም ነበር። አላገባም። የመገጣጠሚያ ሕመም ጣቶቹን እያጣመመ፣ ጀርባውን እያጎበጠ ሄደ። ይህ ሰው ከትምባሆ፣ ከከረሜላ፣ ከማስቲካና ከሻይ ጋር የሚመጣ ካርድ፣ ፖስትካርድ፣ የንግድ ማስታወቂያ፣ የበዓል ካርድ፣ ያገኘውን ሁሉ ሰበሰበ። ቤዝቦል ግድ አይሰጠውም ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለው ተጫዋችም ሆነ ወፍ ለእሱ እኩል ነው። በ1939 የሁሉንም ዝርዝር አሳተመ፤ ለየዓይነቱ ፊደልና ቁጥር ሰጠ። ዛሬ ሚሊዮን የሚከፍሉት ነጋዴዎች አንዱን የትምባሆ ካርድ ስብስብ «ቲ 206» ሲሉ የሚጠሩት በበርዲክ ቁጥር ነው። በዚያው ስብስብ ያለውን፣ ከ1909 እስከ 1911 የታተመውን የቤዝቦል ተጫዋቹን የሆነስ ዋግነርን ካርድ በርዲክ በዝርዝሩ 50 ዶላር ገመተው። በ2022 አንዱ 7.25 ሚሊዮን ዶላር ሄዷል።

በርዲክ ግን አልሸጠም። በ1947 ስብስቡን ለኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም መስጠት ጀመረ፤ ከ300,000 በላይ ወረቀት ነው፤ ከ30,000 የማያንሰው የቤዝቦል ካርድ። ሙዚየሙ የታላላቆቹ ሠዓሊዎች የሬምብራንትና የዱረር ሕትመቶች የሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ ነው ያስገባው፤ ኃላፊው ሀያት ሜየር የገባቸው ሰው ነበሩ። ግን አንድ ሰው መደርደር አለበት። በርዲክ ሥራውን ትቶ ከሙዚየሙ ብዙ በማይርቅ ቦታ ክፍል ተከራየና በየቀኑ እየመጣ በጥግ ጠረጴዛ ላይ ካርዶቹን በራሱ እጅ በአልበም ላይ ይለጥፍ ጀመር። አዎ፣ በሙጫ! የዛሬ ሰብሳቢ ይህን ሲሰማ ያቃስታል። የዋግነሩም ካርድ ተለጥፏል። እኔ ያ ሙጫ ደስ ይለኛል፤ ካርዶቹ ለመሸጥ አልተቀመጡም ማለት ነው። ጣቶቹ አልታዘዝ እያሉት፣ ሐኪም ዕድሜህ አጭር ነው እያለው፣ ዓመታት ለጠፈ። በመቶዎች የሚቆጠር አልበም ሞላ።

ጥር 10 ቀን 1963 ከሰዓት በኋላ አምስት ሰዓት ላይ፣ በእኛ አሥራ አንድ ሰዓት መሆኑ ነው፣ የመጨረሻውን ካርድ መለጠፉን ተናገረ። ካፖርቱን እየተጣመመ ለበሰና «ከእንግዲህ አልመለስም» ብሎ ወጣ። በማግስቱ በእግሩ ሄዶ ሆስፒታል ገባ፤ ከሁለት ወር በኋላ መጋቢት 13 ቀን ዐረፈ።

አልበሞቹ ዛሬም እዚያው አሉ። ኒው ዮርክ የምትሄዱ ከሆነ ሙዚየሙ ከስብስቡ እየቀያየረ የተወሰኑትን ያሳያል። ቅርብ የሆነው ደግሞ እዚሁ ዋሽንግተን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ በማዲሰን ሕንፃ የጋዜጣና የመጽሔት ንባብ ክፍል አለ፤ ነፃ የአንባቢ ካርድ አውጥታችሁ የኮሚክ ስብስቡን መጠየቅ ትችላላችሁ። ልጆቻችሁን ውሰዷቸው፤ 16 ዓመት ከሞላቸው የራሳቸውን ካርድ ያወጣሉ።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከዚያ በፊት ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ አሥራ አንድ ካርዶችና አንድ ኮሚክ ዘርግቻለሁ። ሻይና ሳምቡሳችሁን እዚህ አስቀምጡ፤ እጃችሁን ታጠቡ፤ በደንብ አድርቁ። ካርዱን በጠርዙ ያዙት፣ ፊቱን በጣት አትንኩ። ኮሚኩን እኔ እገልጥላችኋለሁ፤ አከርካሪው ደክሟል። እርሳስ የተጻፈበትን ካርድ ግን ልጆቹ ቀድመው ይዩት፤ የጻፈው እኩያቸው ነው።